ታናናሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችና የጸሎት ሕይወታቸው



ቤተ ክርስቲያን ሲባል ለብዙዎቻችን አስቀድሞ የሚታሰበን የቁምስናው ሕንፃና የእሑዱ ቅዳሴ ነው። ይሁን እንጂ የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 ከቁጥር 42 ጀምሮ እንደሚያስረዳን፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በመቅደስ ይተጉ እንደ ነበር ሁሉ በየቤታቸውም በኅብረት እንጀራ ይቈርሱ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት (16፡3-5) ለጵርስቅላና ለአቂላ ሰላምታ ሲያቀርብ፣ በቤታቸው ያለችውን ቤተ ክርስቲያን አልዘነጋም።

የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1976 ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው በሰፊው የመከሩት ስለ ታናናሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦች ግንባታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የተደረገው የአፍሪካ ሲኖዶስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተሰብ አድርጎ ተመለከታት። ቤተሰብ ከሆንን እርስ በርሳችን ልንተዋወቅ ይገባል፤ በአንድ ቅዳሴ ላይ በሚገኝ ብዙ ሕዝብ መካከል ግን ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ቀረ ለማወቅ አዳጋች ነው። ጥቂት ጎረቤታሞች በአንድ ቤት ሲሰበሰቡ ይህ ይቻላል።

ለስብሰባው ጸሎት በብዙ የአፍሪካ ቁምስናዎች የሚሠራበት፣ የደቡብ አፍሪካው የሉምኮ ተቋም ያዘጋጀው የሰባት ደረጃዎች መንገድ ነው። በመጀመሪያ ጌታን ወደ መካከላችን እንጋብዛለን፤ ቀጥለን ወንጌሉን እናነባለን፤ ከዚያም እያንዳንዳችን ልባችንን የነካውን ቃል ለይተን ድምፃችንን ከፍ አድርገን በጸሎት መንፈስ እንደጋግመዋለን። አራተኛው ዝምታ ነው። በአምስተኛው የሰማነውን እናካፍላለን፣ በስድስተኛው ልንፈጽመው ስለሚገባን ተግባር እንመካከራለን፣ በሰባተኛው በራሳችን ቃል እንጸልያለን።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ከሁሉ ይልቅ ለአራተኛው ደረጃ እንድትጠነቀቁ እናሳስባለን። ዝምታ ያስፈራናል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው መዝሙር ያነሣል። መሪውም ባዶውን ጊዜ በስብከት ሊሞላው ይቸኩላል። (ስብከት የምንወድድ ሕዝብ መሆናችንን መካድ አይቻልም።) እግዚአብሔር እንዲናገረን ፋታ ካልሰጠነው ግን በአምስተኛው ደረጃ የምናካፍለው ከቤታችን ይዘነው የመጣነውን የራሳችንን አሳብ ብቻ ይሆናል።

እኛም በማኅበረሰባችን የደረሰብንን ሳንሸሽግ እንናገር። ስብሰባው በየቤቱ በተራ ይደረግ ነበር። መጀመሪያ ቡናና ቈሎ ብቻ ነበር የሚቀርበው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ዳቦ ተጨመረ፣ ከዚያም ወጥና ጠላ። በአገራችን ከጥንት የኖረው የጽዋ ማኅበር ልማድ ብዙ በጎ ነገር አስተምሮናል፤ ድግሱንም አብረን ወረስነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም እንግዳውን ማክበሩ ነበር።

አንድ ምሽት ስለ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲሞች የሚናገረውን ወንጌል (ማር. 12፡41-44) አነበብን። ከረጅም ዝምታ በኋላ ከእኅቶቻችን አንዷ፣ «እትዬ ከቀሩ ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ ለምን እንደ ሆነ የጠየቅናቸው አለን?» አለች። መልስ የሰጠ አልነበረም። በስድስተኛው ደረጃ ሁለት ሰዎች ሄደው እንዲጠይቋቸው ተስማማን። የቀሩበት ምክንያት ተራቸው በመድረሱ ነበር፤ ለድግስ የሚሆን ነገር በቤታቸው አልነበረም፣ ይህንንም መናገር አፍረው ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ማንኛውም ቤት ከውኃ በቀር ምንም እንዳያቀርብ ወሰንን። አንዳንዶች ቅር ተሰኙ፤ አንድ አባት «ሰው ባዶ ቤት አይጠራም» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ እስከ ዛሬም ውሳኔውን በሙሉ ልባቸው የተቀበሉት አይመስለንም። እናታችን ግን በተራቸው ተቀበሉን። መቀመጫ ስላልበቃ ወጣቶቹ በደጃፉ ቆመው ጸለዩ፤ ወንጌሉን ያነበበው የልጅ ልጃቸው ነበር።