ስለ ኮምፒዩተር አነሣሥ፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድነት ሲኖሩ



የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለን አንዳንድ ተማሪዎች ዊንዶውሱን ሳንለቅ ሊኑክስን ከጎኑ ጭነናል። ሁለቱ በአንድ ዲስክ ሲኖሩ ግን አንዳንድ ቀን አንደኛው ጠፍቶ ይገኛል። ስለዚህ ነገር የማውቀውን ለመጻፍ ወደድሁ።

ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፥ በተለምዶ ባዮስ የምንለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እርሱም በውስጡ ከተያዘው ዝርዝር የመጀመሪያውን ይጠራል። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ግሩብ ነው፤ ይኸውም እንደ ግቢ ዘበኛ ቆሞ «ወደ ማን ልትገቡ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ዘበኛው ከበሩ ቢታጣ የቤቱ ሰዎች ሞቱ ማለት አይደለም።

እዚሁ መንደራ ቆጪ የአንዲት ጎረቤታችን ኮምፒዩተር፥ ዊንዶውስ ከታደሰ በኋላ ግሩብን ሳያሳይ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባ ጀመር። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው በሊኑክስ በኩል ነበረ። አንድ ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» አላት። (ይህ ቃል በጠጋኞች አፍ እጅግ ቀሎአል።) ፎርማት ዲስኩን ባዶ ማድረግ ነውና እንድትታገሥ ለመንኋት። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን እንደገና ስናበራ ኤፍ 12ን ደጋግመን ተጫንን፤ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። በመጣው ዝርዝር «ኡቡንቱ» የሚለው ስም በሁለተኛ ተራ ተቀምጦ አገኘነው። መርጠን ብንገባ ጽሑፏ አንድ ፊደል አልጎደለውም። መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጥነው፤ ተራውን በባዮስ ያስተካከልነው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙ ጭራሽ ከዝርዝሩ ቢጠፋ፥ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሥቶ ቡት ሪፔር በሚባለው ፕሮግራም ግሩብን መመለስ ይቻላል። «ግሩብ ሬስኪው» የሚል ጥቁር ገጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሊኑክስን ክፍል ከዊንዶውስ ሆኖ ለሰረዘ ሰው ነው፤ የግሩብ ፋይሎች እዚያ ነበሩና። ያን ጊዜም ከዚያው ዝርዝር «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» ቢመረጥ ዊንዶውሱ ይነሣል።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የመጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ በብዙ አገር ሊኑክስን እንዳይነሣ አግዶ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ጨርሶ ያስተካከለው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው የተጎዱት ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የፊርማ ጥበቃ ለጊዜው ያጠፉ ነበር። ነገር ግን ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ፥ 48 አኃዝ ያለውን መክፈቻ አስቀድሞ ሳይዙ ይህን መንካት አደገኛ ነው።

ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር ግን ባትሪ አትግዙ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ የአገራችን ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ሊኑክሱ የአገር ሰዓት እንዲይዝ ቢታዘዝ ይስማማሉ።