ክፉና ደጉን በልቡና ማወቅ ይቻላልን?

በደማምና በኮባር የምንገኝ ተማሪዎች ለውይይት ያነሣነው ጥያቄ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1667 ተጻፈ የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ «ይቻላል» ባይ ነው። ደራሲነቱን ኮንቲ ሮሲኒ ቢክድም ክላውድ ሰምነር ተሟግቶለታል። በሐተታው መሠረት ሰው ሁሉ እኩል ስለሆነ፣ ሰውን እንደ ከብት መግዛት ክፉ መሆኑን ልቡና ራሱ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ1962 ነው። ታዲያ አባቶቻችን ስለምን ሳያዩ ቀሩ? ሐተታው እንደሚለው፣ ሰው መመርመር ስለሚከብደው የሰማውን ተቀብሎ ይኖራል። እኛ ደግሞ ጥቅምን እንጨምራለን፤ ጌታው በባሪያው ጉልበት ይኖር ነበርና ልቡናውን ሊጠይቅ አልፈለገም። ባሪያውን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሕክምና ለምንማር ነገሩ ግልጽ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ገና ሲያይ የሚያድርበት ጥርጣሬ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አይደለም፤ በደም ምርመራና በራጅ ይፈተናል። የልቡና ፍርድም እንዲሁ መፈተን አለበት። መፈተኛው «በተበዳዩ ቦታ ብንሆን ይህንኑ እንል ነበርን?» የሚለው ነው።

የውይይት ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛ እኅታችን ፓስፖርት በአሠሪዋ እጅ ሲያዝ «የአገሩ ልማድ ነው» ብለን የምናልፍ እኛስ፣ ልቡናችንን ጠይቀናልን? እርሷንስ?