ፔኒሲሊን በእርግጥ አይስማማንም?

ብዙዎቻችን «እኔ ፔኒሲሊን አይስማማኝም» እንላለን። ምን አድርጎህ ነበር ስንባል ግን አንዳንዶቻችን «አጥወለወለኝ፣ አስቀመጠኝ» ብለን እንመልሳለን። ይህ ብቻውን አለርጂ አይደለም።

አለርጂ ማለት ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገላ በሚያሳክክ ሽፍታ ይወረራል፤ ከንፈርና ፊት ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ቶሎ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ከቀናት በኋላ ቆዳን የሚልጥ ከባድ ዓይነትም አለ።

ይሁን እንጂ አለርጂ አለብን ከሚሉ 100 ሰዎች ውስጥ 90 ያህሉ ሲመረመሩ መድኃኒቱ ይስማማቸዋል። በእርግጥ የነበረባቸውንም ቢሆን ከ10 ዓመት በኋላ አብዛኞቹን ይለቃቸዋል።

ይህን ማጣራት ምን ይጠቅመናል? በሩማቲክ ትኩሳት ልቡ የተጎዳ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። በከንቱ ፍርሃት ቢከለከል ሕመሙ ሊመለስበት፣ ልቡም ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የመድኃኒቱን ስም፣ ያየነውን ምልክት፣ ከወሰድነው ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደ ጀመረንና ስንት ዓመት እንዳለፈው ሳንደብቅ፣ ሳንጨምር እንናገር። በቤታችን ግን «እስቲ ልሞክረው» አንበል። መመርመሩ የሐኪም ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ እውነቱን መናገር ነው።