ስለ ተልባ እግር

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚል ቃል ደጋግሞ ይገኛል። አንባቢው ግን ተልባን የሚያውቀው ተቆልቶና ተወቅጦ፣ በውሃም ተበጥብጦ በጾም ቀን ለፍትፍት ሲቀርብ ነው። ስለዚህ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 19 የበጉ ሙሽራ የተልባ እግር እንደ ለበሰች ሲሰማ፣ ፍሬው እንዴት ልብስ ሊሆን ይችላል ብሎ ይቸገራል። እግር የተባለው ግን አገዳው ነው። ልብሱም የሚሠራው የእኛ ገበሬ ፍሬውን ወቅቶ ከሚጥለው ከዚያው አገዳ ነው።

ከአገዳው ልጥ ውስጥ ረዥምና ብርቱ ቃጫ አለ። ይህን ለማውጣት የሚፈልግ ሰው፣ ቃጫው እንዳያጥር፣ ተክሉን በማጭድ አያጭደውም፤ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ፍሬውን ካራገፈ በኋላ አገዳውን በውሃ ይዘፈዝፈዋል፤ ቃጫውን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀው ነገር በስብሶ ሲላቀቅም አውጥቶ በፀሐይ ያሰጣዋል። የደረቀው ይቀጠቀጣል፣ እንጨቱ ይራገፋል፣ ቃጫው በጥርሳም መሣሪያ ይበጠራል፤ ከዚያ በኋላ ይፈተላል። የመዘፍዘፊያው ውሃ እጅግ ክፉ ሽታ አለው፤ ንጹሕና ነጭ ልብስ ከዚያ መውጣቱ ያስደንቃል።

ይህን ሥራ ያወቀ ሰው መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 2ን ሲያነብ ነገሩ ይገለጥለታል። ረዓብ ሰላዮቹን የሸሸገችው በሰገነቷ ላይ በደረደረችው የተልባ እግር ውስጥ ነው፤ የቤቱ ጣራ ደልዳላ ስለ ሆነ ለማስጫ ይመቻል። ወራቱም ይስማማል። ምዕራፍ 3 ዮርዳኖስ በመከር ወራት ሞልቶ እንደ ነበረ ይናገራል፤ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 9ም በግብፅ በበረዶው መቅሠፍት ተልባና ገብስ አብረው እንደ ተመቱ ያስረዳል፤ የሁለቱ ወቅት ተቀራራቢ ነውና። እንግዲህ ሰላዮቹን የሸሸጋቸው በዚያ ሰሞን የተሰጣ የቤት ሥራ ነው።

በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 44 ካህናት በውስጠኛው አደባባይ ሲያገለግሉ የተልባ እግር እንዲለብሱ፣ የበግ ጠጉር እንዳይለብሱ ታዝዘዋል፤ ምክንያቱም ላብ ነው። የተልባ እግር ልብስ እርጥበትን መጥጦ ቶሎ ይደርቃል፣ ገላንም ያቀዘቅዛል። የግብፅ ካህናትም የሚለብሱት ይህንኑ ብቻ እንደ ነበር ሄሮዶቱስ ጽፏል።

ይኸው ጸሐፊ ከካናቢስ ወገን ስለ ሆነው ስለ ሄምፕ ሲናገር፣ የትራቄ ሰዎች ከእርሱ የሚሠሩትን ልብስ ያልለመደ ሰው ከተልባ እግር ሊለየው አይችልም ይላል። የሄምፕም ቃጫ በመዘፍዘፍ ይወጣል፤ የመርከብ ገመድና ሸራ ብዙ ዘመን ከእርሱ ተሠርቷል። ዛሬም የአሜሪካ ዶላር ወረቀት ከመቶው 75 እጅ ጥጥ፣ 25 እጅ የተልባ እግር ነው።

በኢትዮጵያ ግን ሸማኔው ጥጥ ስለ ነበረው የተልባ አገዳ አላስፈለገውም። የአገራችን ተልባም አጭርና ቅርንጫፋም ስለ ሆነ ለፍሬ እንጂ ለክር አይመችም። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘው የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ በዚህ አገር ተልባ የእህል ሥፍራ እንዳለው አስተውሏል።

ተርጓሚዎቹም የተቸገሩት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የጌታችን ግንዘት በማቴዎስና በማርቆስ ወንጌል «በበፍታ»፣ በዮሐንስ ወንጌል ግን «በተልባ እግር ልብስ» ተብሎ ይነበባል። በፍታ ቀድሞ ነጋዴ ከሕንድ ያመጣው የነበረ የጥጥ ጨርቅ ስም ነው። በዚህ ምክንያት ወንጌላውያኑ ተለያዩን ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ግሪክኛው በመጀመሪያዎቹ ሲንዶን፣ በዮሐንስ ኦቶንያ ይላል። ሲንዶን አንድ ሰፊ ጨርቅ ነው፣ ኦቶንያ በብዙ ቁጥር የተነገረ መጠቅለያ ነው፤ የሁለቱም ክር ግን ከተልባ እግር ነው። ልዩነቱ ከአማርኛው የጨርቅ ስም የመጣ እንጂ ከወንጌላውያኑ አይደለም።