በሰው አገር መንገድ

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ይህም ማለት በጥድፊያ የተዘጋጀ ነገር ሥራው ሳይፈጸም ይበላሻል ማለት ነው። ቃሉ ለሥራ ሁሉ እውነት ነው፤ ለመንገደኛ ግን ከሁሉ ይልቅ እውነት ነው። በገዛ አገሩ የሚጓዝ ሰው መንገድ ቢስት ቋንቋውን ያውቃልና ጠይቆ ይመለሳል፤ ቢመሽበትም የሚያሳድረው ዘመድ አያጣም። በሰው አገር የሚጓዝ ግን ያላሰበው ነገር ሲደርስበት የሚረዳውን ሰው እንኳ በምን ቃል እንደሚጠራው አያውቅም። ስለዚህ እንግዳ ሰው ከመነሣቱ በፊት አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ልጆች ሆይ፣ ዛሬ የምናነበው በሞተር ብስክሌት ስለሚደረግ አጭር ጉዞ ነው። ሞተር ብስክሌት በሁለት ጎማ የሚሄድ መጓጓዣ ነው። የመጀመሪያውን የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ የተባሉ ሁለት ጀርመኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ሠሩ። አካሉ ከእንጨት ነበር፤ በመጀመሪያ የሄደበትም መንገድ እጅግ አጭር ነበር። ዛሬ ግን ሰዎች በእንደዚህ ያለ መሣሪያ ዓለምን ይዞራሉ። ቢሆንም አንድ ጠባዩ አልተለወጠም። መኪና ለተሳፋሪው ግድግዳና ጣራ አለው፤ ሞተር ብስክሌት ግን የለውም። ነጂው ቢወድቅ መሬቱን የሚመታው በገዛ ገላው ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ወጣት እንግዳ በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በአንድ ሽማግሌ ቤት ተቀምጧል እንበል። የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሞ አንድ ቀን ተረፈው። ሞተር ብስክሌት ተከራይቶ አገሩን ለማየት ፈለገና ካርታውን ዘረጋ። በካርታውም ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን ትልቅ መንገድ አገኘ። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንግዳውም ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ «በአንድ ቀን ባሕር ዳር ደርሼ እመለሳለሁ» አለ።

ጣት በወረቀት ላይ ሲሄድ ዝናብ አያገኘውም፤ አቀበት አያደክመውም፤ ከብት አይሻገርበትም፤ ጎማም አይተነፍስበትም። ሽማግሌው ይህን ያውቁ ነበርና «ልጄ፣ ሩቁን አገር በሩጫ ከማየት ቅርቡን በእርጋታ ማየት ይሻላል። ከዚህ እስከ ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሄደህ ሳይመሽ ትመለሳለህ» አሉት። እንግዳውም «አባቴ፣ ይህማ ለሞተር የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም፤ የቀረውን ቀን ምን እሠራበታለሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌውም «መንገዱን ታይበታለህ» ብለው መለሱለት።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው ስለ አራት ነገር ተመካከሩ።

ፊተኛው ስለ ጊዜ ነው። በጎጃም ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። በዚያ ወራት አስፋልቱ ያንሸራትታል፤ ከአስፋልት የሚገነጠለው የገጠር መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዞችም ይሞላሉ። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ጉዞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት ይመረጣል። ከወራቱ ቀጥሎ ሰዓቱ ይታሰባል። እኛ የቀኑን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሞተር አከራዩ «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ቢለው፣ እንግዳው በአገሩ ልማድ ከቀትር በኋላ መስሎት ይቀራል። በዚህ አንድ ስሕተት የስድስት ሰዓት ብርሃን ይጠፋል። ደግሞም በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ረጅም ነው፤ በአገራችን ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ በአሥር ሰዓት እንዲመለስ ተስማሙ። ቢዘገይ እንኳ ሁለት ሰዓት ያህል ብርሃን ይቀረዋል።

ሁለተኛው ስለ ወረቀቱና ስለ መሣሪያው ነው። እንግዳው የአገሩ መንጃ ፈቃድ በዚህ አገር የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት። የሚከራየው ሞተር ታርጋ፣ ሊብሬና ኢንሹራንስ ያለው መሆኑንም ማየት ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ይሞክራል፤ ጎማዎቹን በእጁ ይዳስሳል፤ መብራቱን ያበራል፤ ካቴናው የላላ እንደ ሆነ ያስጠብቃል። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ በከተማ እንጂ በማሳ መካከል አይገኝምና ትርፍ ከመነዳሪ መያዝ መልካም ነው። ለ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ሞተር ሁለት ሊትር ያህል ቤንዚን ይበቃዋል፤ ነገር ግን ቤንዚን በማደያ የማይገኝበት ቀን አለና ከዋዜማው ይቀዳል። ሄልሜት የተባለው የራስ ቁርም ለቅርብ መንገድ ነው ተብሎ አይተውም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ፀሐዩም ቆዳን ፈጥኖ ያቃጥላል። ስለዚህ ውኃና እጅጌው ረጅም ልብስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስለ መንገዱ ሰዎች ነው። እንግዳው መንገዱ ለሞተርና ለመኪና የተሠራ ይመስለው ነበር። ነገር ግን በገጠር ከባለ ሞተር ይልቅ በእግሩ የሚሄደው ሰው ይበዛል። እህል የተጫነች አህያ፣ ወደ ውኃ የሚወርድ ከብት፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ሁሉ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። በገበያ ቀን ደግሞ የመንገዱ ዳር በሰው ይሞላል። በኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው። እንደ እንግሊዝና እንደ ኬንያ ካሉ በግራ ከሚነዱ አገሮች የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ጠዋት እጁ ወደ ልማዱ እንዳይመልሰው መጠንቀቅ አለበት።

ልጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በአንድ ሰከንድ ወደ 8 ሜትር ብቻ ይሄዳል። አንድ ሕፃን ከበቆሎ ማሳ ውስጥ በድንገት ቢወጣ፣ ነጂው አይቶ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ሕፃኑ ያለው በ12 ሜትር ርቀት ቢሆን፣ ፈጣኑ ነጂ ፍሬን ሳይዝ ይደርስበታል፤ ዝግተኛው ግን ፍሬኑን ለመያዝና መሪውን ለማዞር ጥቂት ቦታ ይቀረዋል። ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ የቸኮለ ሰው በየመንደሩ ቀስ ሊል አይችልም፤ ቡሬ ደርሶ የሚመለስ ግን ይችላል። እንግዲህ የጉዞው አጭርነት የሌላውን ሰው ልጅ ሕይወት ያድናል።

ይህ ግዴታ የነጂው ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ነው። ሞተር ሲያልፍ ብታዩ ከኋላው አትሩጡ፤ ድንጋይም አትወርውሩ። በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው በትንሽ ድንጋጤ ይወድቃልና። ከብት የምትጠብቁም ድምፁን በሰማችሁ ጊዜ ከብታችሁን ወደ አንድ ወገን ሰብስቡ። እንግዳን መቀበል ምግብ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን በሰላም ማሳለፍም እንግዳ ተቀባይነት ነው።

አራተኛው ስለ ሰላም ነው፤ ይህም ከሁሉ ይቀድማል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን መንገድን አይጠብቅም። በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በዚህ አገር አልፎ ነው። በዘመናችንም በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ ተነሣ፤ በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ከአየር በወረደ ጥቃት በፍኖተ ሰላም ብዙ ሰዎች ሞቱ። ከዚያም ወዲህ መንገዶች ብዙ ጊዜ ተዘግተዋል። ስለዚህ እንደዚህ ባለ አገር የሚጓዝ ሰው ካርታ ብቻ አይበቃውም። በዋዜማው ሽማግሌዎችን፣ በጠዋቱም ከመንገዱ የመጡ ሾፌሮችን ይጠይቃል። እነርሱ «ዛሬ አይሆንም» ቢሉት፣ የከፈለው የኪራይ ገንዘብ ሳያሳዝነው ይቀመጣል። የቀረ ጉዞ ሌላ ቀን ይደረጋል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

እንግዳውም ይህን ሁሉ ሰምቶ «አባቴ፣ መንገዱ ሰላም ባይሆንስ ቀኔ በከንቱ አይቀርም?» አላቸው። ሽማግሌውም «ከእኛ ጋር ቡና ጠጥተህ መዋልህ ከንቱ ነውን? እኛ እኮ መንገዱ ሲዘጋ ልጆቻችን ከትምህርት፣ በሽተኞቻችን ከሐኪም ይቀራሉ። አንተ የአንድ ቀን ጉዞ ቢቀርብህ የእኛን ኑሮ በጥቂቱ ትማራለህ» አሉት። ወጣቱም ዝም ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ካርታውን አጥፎ አስቀመጠ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በዚህ ዕቅድ የሚጓዝ ሰው ምን ያያል? በኅዳር ወር ቢሆን በየግቢው ተሰጥቶ የሚደርቀውን ቀይ በርበሬ፣ የደረሰውንም የበቆሎ ማሳ ያያል። መንገድ ላይ መንኩሳን ያገኛል። መንኩሳ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ የበዛብህ የትውልድ ቦታ ናት። በሩጫ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ቤቶች ብቻ ይታዩታል፤ የሚቆም ሰው ግን ሰላምታ ሰጥቶ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ይማራል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲፈልግ አስቀድሞ ያስፈቅዳል። ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም በመንገድ ላይ አይበትንም፤ ልጆች ያን ለማግኘት ሲሉ ወደ ጎማ ይሮጣሉና።

ቡሬ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ፈተና ያገኘዋል። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው በዓባይ ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ቤንዚንም ተርፎታል፤ ልቡም «ጥቂት ብቻ ጨምር» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ዕቅዱን ማሰብ አለበት። ሽማግሌው የሚጠብቁት በአሥር ሰዓት ነው። ባይመለስ የሚጨነቁ፣ ሊፈልጉትም በጨለማ የሚወጡ እርሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ስለዚህ ምሳውን በልቶ፣ ጎማውን አይቶ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመለሳል።

ልጆች ሆይ፣ እናንተም አንድ ቀን ወደ ሰው አገር ትሄዱ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የአገሩን ሰዓት፣ የአገሩን ሕግና የአገሩን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትችሉትን ያህል ሳይሆን በሰላም የምትመለሱበትን ያህል ሂዱ። መልካም መንገደኛ የሚባለው ብዙ ኪሎ ሜትር የቆጠረ አይደለም፤ ባለፈበት መንገድ ማንንም ሳይጎዳ፣ የሚጠብቁትንም ሳያስጨንቅ ወደ ቤቱ የገባ ነው።

ጥያቄ

1. ሽማግሌው ስለ ምን ቡሬን ከባሕር ዳር መረጡለት?
2. «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» የሚለው ቃል እንግዳን እንዴት ያሳስተዋል?
3. በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? አስላ።
4. ሞተር በመንደራችሁ ሲያልፍ ምን ማድረግ ይገባችኋል?