የ10 ቀን ውጤት ልመን?

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ የምኖር ወጣት ነኝ። ከ10 ቀን በፊት ያለ ኮንዶም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጸምኩ። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬን ያመኛል፤ እንቅልፍም አጣሁ። ትናንት ኤች አይ ቪ ስመረመር ነፃ ነህ ተባልኩ። ልመነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መመርመርህ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን የመጨረሻ አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ከግንኙነቱ ቀን ቆጥረህ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ድገመው። በ3ኛው ወር ነፃ ከሆንክና ዳግም ካልተጋለጥክ፣ ከዚያ ግንኙነት ቫይረሱ አልያዘህም።

የጉሮሮ ሕመም ጉንፋንም ያመጣዋል፤ በምልክት ብቻ ኤች አይ ቪን መለየት አይቻልም። አንድ ጊዜ መጋለጥም የግድ መያዝ ማለት አይደለም። እስከዚያው ኮንዶም ተጠቀም፤ ደም አትለግስ።

ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መቀጠል አለበት። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የሚያውቅህ ሰው እንዳያይህ ከሰጋህ ደሴ ሄደህ መመርመር ትችላለህ። ቫይረሱ ቢገኝብህም ሕክምናው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በወቅቱ የጀመረ ሰው ሠርቶ፣ አግብቶና ወልዶ ይኖራል። የምርመራ ቀጠሮህን አታሳልፍ።