ስለ ሰው መሰል አሻንጉሊትና ስለ ሐኪሞች ትምህርት

አንዳንድ ጓደኞቻችን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በሕክምና ትምህርት ምን አገባቸው ይሉን ይሆናል። የሚያገባን ነገር አግኝተን ነው የጻፍነው።

ከችግር ተነሥቶ መማር የሚባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የሳይንስ ምሩቃንን ተቀብሎ ሐኪም ለማድረግ የተቋቋመው መርሐ ግብር ይህንኑ ይዞ ተነሣ። መምህሩ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹም የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይተው፣ የጎደላቸውን አንብበው ይመለሳሉ።

እንበልና ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ደርሳ ተገላገለች፤ ሕፃኑ ግን አላለቀሰም። ተማሪው መጽሐፉን ያውቃል፤ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ የአየር መንገዱን ማጽዳት፣ ጀርባውን ማሸት፣ ይህ ካልረዳም በመጀመሪያዪቱ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ ትንፋሽ መስጠት ነው። ይሁን እንጂ ማወቅና መቻል ለየቅል ናቸው። ለዚሁ ተብላ የተሠራች፣ ውሃ የምትሞላ የአራስ ልጅ አሻንጉሊት አለች፤ አንገቷ በደንብ ካልተያዘ፣ ወይም ጭንብሉ ፊቷ ላይ ካልገጠመ ደረቷ ከፍ አይልም። ተማሪው ዐሥር ጊዜ ቢሳሳት ዐሥር ጊዜ ይደግማል፤ ከዚያም ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ስሕተቱን ይመረምራል። በአሻንጉሊት ካልተሳሳተ በማን ላይ ሊሳሳት ነው? በዚያች በቃሬዛ በመጣችው እናት ልጅ ላይ ነዋ!

ነገር ግን አሻንጉሊት ከራሷ አትናገርም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖርዌያዊው አስሙንድ ሌርዳል ለትንፋሽ ማስተማሪያ ያወጣት አን የተባለችው አሻንጉሊት እንኳ መልኳ የተቀዳው በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ ተገኘች ከምትባል፣ ስሟ ካልታወቀ ልጃገረድ ነው። የእኛ አገር ነፍሰ ጡር ራሷን ሲፈልጣትና ዓይኗን ሲያጭበረብራት «ምች መታኝ» ብላ ልትቀር ትችላለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ችግር ያነበበ ተማሪ ይህ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ይገባዋል፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲመደብ ግን «ምች» የሚለውን ቃል ሰምቶ ያልፈው እንደሆነ እናትም ልጅም ይጠፋሉ።

ስለዚህ ለክረምት ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ገጠር የምንመለስ ሁሉ፣ እናቶቻችንና አክስቶቻችን ሕመማቸውን የሚናገሩበትን ቃል፣ የማንንም ስም ሳንጠቅስ፣ መዝግበን እንምጣ። የሕክምና ተማሪዎች ከፈቀዱልንም በልምምዱ ጊዜ ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ቆመን ስለ ወላዷም፣ ስለ አማቷም፣ ስለ ባሏም እንናገርላቸዋለን። በቲያትሩ እንኳ ከእነርሱ ሳንሻል አንቀርም።